ሦስት ሚሊ ሜትር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ ማክሰኞ ምሽት። እራት ተነሥቶ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ቡናው እየተቆላ ነው። የልጅቱ ስልክ ጮኸ። መልእክቱ የመጣው እናቷ ከሚታከሙበት ሆስፒታል ነው፤ ትናንት የተነሡት የሲቲ ስካን ውጤት ወጥቷል።

እናትየው 64 ዓመታቸው ነው። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። የሳንባ ካንሰር እንዳለባቸው ታውቆ ሕክምና ከጀመሩ አምስት ወር ሆኗቸዋል፤ ሕክምናቸው በቀን አንዲት ኪኒን ናት። ሌሊት ሌሊት ቁጭ አድርጎ ያሳድራቸው የነበረው ሳል ጠፍቷል፤ ክብደታቸው ተመልሷል፤ እሑድ ቅዳሴውን ሙሉ ቆመው ያስቀድሳሉ።

ልጅቱ ሪፖርቱን ስትከፍት ዐይኗ ሦስት ነገር ላይ ተተከለ። በግራ ሳንባ ላይ ያለው ዕጢ ከ15 ሚሊ ሜትር ወደ 18 ሚሊ ሜትር ሄዷል። በወገብ አከርካሪ ላይ ባለፈው ስካን ያልነበረ ነጭ ምልክት ታይቷል። በቀኝ ሳንባ ላይ ደግሞ ጉም የሚመስል ስስ ጥላ አለ፤ እሱም አዲስ ነው።

«ምንድን ነው ልጄ?» አሏት እናቷ፣ ዐይናቸውን ከምጣዱ ሳያነሡ።

«ምንም አይደል እማዬ፤ የቀጠሮ ማስታወሻ ነው።»

ሌሊቱን ዳላስ ካለው ወንድሟ ጋር ስልክ ላይ አነጋችው። ወንድምየው ሐሳቡን ቆርጧል፦ «መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው። ነገውኑ ታቁመውና ኬሞ ትጀምር።» የሐኪሙ ቀጠሮ ገና ዐርብ ነው።

እኚህ እናት አንዲት የተወሰኑ ሴት አይደሉም። ዒላማ ተኮር መድኃኒት በሚወስዱ የሳንባ ካንሰር ታካሚዎች ስካን ላይ ደጋግመው የሚታዩ ነገሮችን በአንድ ቤት ውስጥ ሰብስቤያቸዋለሁ። እንዲህ ያለውን ምሽት ግን ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ የምርመራ ውጤት ሳይዘገይ ለታካሚው ክፍት እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ከማንበቡ በፊት ስልክ ላይ ይደርሳል። ታካሚው የገዛ ራሱን መረጃ የማየት መብት ሊኖረው ይገባል፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም። ችግሩ ሪፖርቱ በባለሙያ ለባለሙያ የተጻፈ መሆኑ ነው። የሚዘረዝረው የታየውን ነገር ነው። የታየው ነገር ለእኚህ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የሚወሰነው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ኪኒኗ ኦሲመርቲኒብ ትባላለች፤ የገበያ ስሟ ታግሪሶ ነው። የተሠራችው ኢጂኤፍአር የሚባለው ዘረ-መል የተበላሸባቸውን የካንሰር ሴሎች ለመምታት ነው። ዘረ-መሉ ሲበላሽ ሴሉ ላይ ያለው የ«እደግ» ትእዛዝ መቀበያ ሳያቋርጥ ይሠራል፤ መድኃኒቱ ያን መቀበያ ይዘጋዋል። የዚህ ዓይነት ሕክምና ታሪክ ራሱ በስካን ላይ በታየ እንቆቅልሽ ይጀምራል። የመጀመሪያው የዚህ ቤተሰብ መድኃኒት ገፊቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2002 በጃፓን፣ በ2003 በአሜሪካ ሲፈቀድ አብዛኛው ታካሚ አልተጠቀመበትም። ጥቂቶች ላይ ግን ሳንባን የሞላ ካንሰር በሳምንታት ውስጥ ከፎቶው ላይ ሲጠፋ ታየ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲጋራ የማያጨሱ፣ ብዙዎቹም ሴቶች ነበሩ። ምስጢሩ የተፈታው በ2004 ሲሆን፣ የቦስተን ተመራማሪዎች በእነዚህ ሰዎች ዕጢ ውስጥ የኢጂኤፍአር ብልሽት አገኙ። ኦሲመርቲኒብ በ2015 መጣች። በ2018 የመጀመሪያ ሕክምና ሆና ስትፈቀድ መሠረት የሆነው ጥናት፣ በሽታው እንደገና እስኪገፋ ድረስ ያለው ጊዜ በቀደሙት መድኃኒቶች 10.2 ወር፣ በእሷ 18.9 ወር መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ መካከለኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከዚያ በጣም የሚያንሰውም በጣም የሚበልጠውም ታካሚ አለ።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ሚሊ ሜትር።

በካንሰር ሕክምና ዓለም ስካን የሚለካበት ሬሲስት የሚባል ደንብ አለ። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ፣ በ2009 ተሻሻለ። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ለመለኪያ የተመረጡት ዕጢዎች ርዝመት ተደምሮ ከመጀመሪያው ቢያንስ በ30 በመቶ ካነሰ መድኃኒቱ ሠርቷል ይባላል። ድምሩ ከደረሰበት ትንሹ ልክ በ20 በመቶ ካደገ፣ ዕድገቱም ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በሽታው ገፍቷል ይባላል። በመካከሉ ያለው ሁሉ «ባለበት ጸንቷል» ነው።

የእናትየው ዕጢ ሲጀመር 50 ሚሊ ሜትር ነበር። በመጀመሪያው ክትትል 22፣ በሁለተኛው 15 ሆነ፤ አሁን 18 ነው። ከ15 ወደ 18 ልክ 20 በመቶ ነው፤ ወንድምየውን ያስደነገጠውም ይህ ይመስለኛል። ጭማሪው ግን 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ደንቡ መግፋት አይለውም። ደንቡ ያን የ5 ሚሊ ሜትር አጥር ያበጀው በምክንያት ነው። በኒውዮርክ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማእከል የተሠራ ጥናት የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች በ15 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ስካን አደረጋቸው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካንሰር አያድግም። የተለካው ቁጥር ግን ተለዋወጠ፤ የአንድ ወይም የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት የተለመደ ሆኖ ተገኘ። ታካሚው ትንፋሹን የያዘበት ጥልቀት፣ ምስሉ የተቆረጠበት ውፍረት፣ የለካው ሰው መስመሩን ያሳረፈበት ቦታ፣ ሁሉም በቁጥሩ ላይ ይንጸባረቃሉ። አምናና ዘንድሮ በተለያየ ማእከል፣ በተለያየ ማሽን የተነሣ ሰው ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል።

በዚያ ላይ ሬሲስት የተበጀው በጥናት ላይ ያሉ መድኃኒቶችን በአንድ ሚዛን ለማነጻጸር ነው። የአንድን ሰው መድኃኒት ለመለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ በሁለቱም በኩል ያሳስታል። ከ50 ወደ 20 ወርዶ 25 የሆነ ዕጢ በደንቡ «ገፍቷል»፤ ሰውየው ግን ከመጀመሪያው ግማሹን ብቻ የሚሆን በሽታ ይዞ ሥራውን እየሠራ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው መድኃኒቱ የዕጢውን ሆድ ባዶ አድርጎት፣ ግድግዳው ብቻ ሲቀር የዳር ለዳር ልኩ ያው ይሆናል፤ በቁጥር ሲታይ ለውጥ የለም፣ በእርግጥ ግን አብዛኛው ካንሰር ሞቷል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሐኪም ምስሉን ራሱን ይከፍታል። ካለፈው ስካን ጋር ብቻ ሳያበቃ ከመጀመሪያውም፣ ዝቅተኛ ልክ ከታየበትም ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል። በየስካኑ ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር እየጨመረ የሚሄድ ዕጢ ካለፈው ጋር ብቻ ሲተያይ «ጸንቷል» እየተባለ ዓመት ሊያልፍ ይችላልና፣ የድሮው ምስል ዋጋ በዚህ በኩልም ትልቅ ነው።

የአከርካሪው ነጭ ምልክት ይበልጥ ያስፈራል፤ «አዲስ» የሚል ቃል አለበትና። በደንቡም አዲስ ዕጢ ማለት በሽታው ገፍቷል ማለት ነው። ዳሩ ግን ካንሰር አጥንት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀመጠው መቅኔው ላይ ነው፣ ሲቲ ስካን ደግሞ መቅኔን አጥርቶ አያሳይም። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲገድለው አጥንቱ የተጎዳውን ቦታ በአዲስ አጥንት ይሞላዋል፤ አዲሱ አጥንት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በሲቲ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ሲመረግ ምርጊቱ ከቀድሞው ግድግዳ ጎልቶ እንደሚታየው ማለት ነው፤ ስንጥቁን ከሩቅ ያላየ ሰው አዲስ ነገር የመጣ ይመስለዋል። በኢጂኤፍአር መድኃኒቶች ይህ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የታወቀ ክስተት ነው።

ታዲያ መዳንና መስፋፋት በምን ይለያሉ? ራዲዮሎጂስቱ እንደ መርማሪ ወደ ኋላ ይሄዳል። እናትየው ሲመረመሩ ካንሰርን አብርቶ የሚያሳይ ፔት ስካን ተነሥተው ነበር፤ ያ ፎቶ ሲከፈት ያው አከርካሪ ያን ጊዜ ደብዘዝ ብሎ ሲበራ ይታያል። ካንሰሩ ቀድሞውኑ እዚያ ነበረ፤ አዲስ የሆነው ጠባሳው ነው። ሌሎቹ ዕጢዎች በአንድነት እየከሱ አንድ አጥንት ብቻ ነጭ ሆኖ ቢወጣ፣ ሰውየውም ወገቡን ካላመመው፣ ግምቱ ወደ መዳን ያደላል። አጥንቱን የሚበላ ጥቁር ጉድጓድ፣ ከአጥንቱ አልፎ የወጣ ሥጋ፣ ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኤምአርአይ ይታዘዛል። እግር መዛል ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከተጨመረበት ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከሦስቱ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ማንም ብዙ ያላለለት ጉሙ ነው። ኦሲመርቲኒብን በሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ሳንባ ላይ ምንም የማያሳምም ስስ ጥላ ብቅ ብሎ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት አነስተኛ ጥናት ከተመለከቷቸው ታካሚዎች ሲሶ ያህሉ ላይ አይተውታል። ይህ ጥላ ሌላ ስካን ከመድገም በቀር ምንም አያስፈልገውም። ከእሱ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ጥላ ግን አለ፤ መድኃኒቱ ራሱ የሚያመጣው የሳንባ ብግነት። ይህ የሚያጋጥመው ከ100 ታካሚ ሦስት አራቱን ያህል ነው፣ ሊገድል ይችላል፣ መድኃኒቱም ወዲያው መቆም አለበት። ሦስተኛው ምናልባት ተራ የሳንባ ምች ነው፤ አራተኛው ካንሰሩ ራሱ ነው። አራቱ በአንድ ፎቶ ላይ እጅግ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የሚለያቸው በአብዛኛው ከፎቶው ውጭ ያለ ነገር ነው፦ ሰውየውን ትንፋሽ ያጥረዋል ወይ? ደረጃ ሲወጣ ያቋርጣል ወይ? ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል አለው ወይ? በጣቱ ሲለካ የደሙ ኦክስጅን ስንት ነው?

ዐርብ ዕለት ሐኪሙ የጠየቁት ይህንኑ ነው። የጠየቁትም እናትየውን ነው። ልጅቱ ቀድማ ልትመልስ ስትል በእጃቸው አስቆሟትና አስተርጓሚው እንዲቀጥል አደረጉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ዶክተር።»

እንዲህ ያለው መልስ ከእናቶቻችን አፍ ቀድሞ የሚወጣ ነው፤ ሰው ማስጨነቅ አይፈልጉም። ሐኪሙ አልተዉም። ካለፈው ወር ወዲህ ከምድር ቤት ልብስ ይዘው ሲወጡ ስንት ጊዜ ያርፋሉ? አያርፉም። ሌሊት ሳል? የለም። ወገብ? አያምም፤ እንዲያውም ድሮ ሲያጎነብሱ ይይዛቸው የነበረው ለቋቸዋል። ኦክስጅናቸው 97 ነው። ውሳኔው ተሰጠ፦ ኪኒኑ ይቀጥላል፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ በዚያው ማሽን ስካን ይደገማል፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ይደወላል።

እዚህ ላይ በማኅበረሰባችን ውስጥ ስር የሰደደ አንድ ልማድ ሳላነሣ አላልፍም። «ካንሰር» የሚለውን ስም ከታማሚው እንሰውራለን። ለልጆች ይነገራል፣ ለወንድም ይነገራል፤ ለእናት ግን «ሳንባሽ ላይ ትንሽ ቁስለት ነው» ይባላል። ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ስለ በሽታቸው የማያውቁ ሰው የትኛው ምልክት መነገር እንዳለበት አያውቁም። ራስ ምታቱን «የጾም ነው» ብለው፣ የትንፋሹን ማጠር «ዕድሜ ነው» ብለው ያልፉታል። ስካኑን ለመተርጎም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ይዘው ዝም ይላሉ። በዚህ ሕክምና ውስጥ ታማሚውን ከእውነቱ ማራቅ ሐኪሙን ከእውነቱ ማራቅ ነው፤ ልማዱ መቅረት አለበት።

የወንድምየው ምክርም በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነውና። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የስሎን ኬተሪንግ ጥናት፣ መድኃኒቱን የተላመደ ካንሰር ይዘው ወደ ሌላ ሙከራ ለመግባት ኪኒናቸውን ያቋረጡ 61 ታካሚዎችን ተመለከተ። ከእነሱ 14ቱ ኪኒኑን ባቆሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በመካከለኛው በ8 ቀን፣ በሽታው ተቀስቅሶ ሆስፒታል ገቡ ወይም ሞቱ። መድኃኒቱ ተሸነፈ በተባለበት ሰዓት እንኳ ከሴሎቹ አብዛኞቹን ይዞ ነበር ማለት ነው። ሐኪም መድኃኒት ሲቀይር በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚያጠብበው ለዚህ ነው።

ካንሰሩ በእርግጥ ሲገፋስ? ይገፋል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ካንሰሩ መላመጃ ያገኛል። ያን ጊዜም ጥያቄው የት እና ስንት ቦታ የሚል ነው። ሁሉም ነገር ጸጥ ብሎ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ ካደገ፣ ያን ቦታ በጨረር መትቶ ኪኒኑን መቀጠል ይቻላል። የኮሎራዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ፣ በዚህ መንገድ የታከሙ፣ ኢጂኤፍአር ወይም ኤኤልኬ የሚባል ሌላ ዘረ-መል የተበላሸባቸው ታካሚዎች በዚያው ኪኒን በመካከለኛው ከስድስት ወር በላይ ተጨማሪ ጊዜ አግኝተዋል። በጨረር የተመታ ቦታ ግን በኋላ ስካን ላይ ያብጣል፣ ይበራል፤ አንጎል ውስጥ በጨረር የሞተ ሥጋ ከወራት በኋላ አዲስ ካንሰር መስሎ ይታያል፣ ለመለየትም ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል። በሽታው በብዙ ቦታ ከተነሣ ግን አዲስ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ካንሰሩ ሌላ ዘረ-መል ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል፤ በጥቂቶች ላይ ደግሞ ጨርሶ ዓይነቱን ቀይሮ ትንንሽ ሴል ወደሚባለው ካንሰር ይለወጣል፣ ሕክምናውም ፈጽሞ የተለየ ነው። ይህን ፎቶ አይናገርም። የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ደሙ ላይ ምንም አለመገኘቱ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም።

ለአገራችን ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ)። ኢትዮጵያ በዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የድሮ ቲቢ ጠባሳ ሲቲ ላይ ዕጢ ይመስላል፤ ንቁ የሆነ ቲቢ ፔት ስካን ላይ እንደ ካንሰር ይበራል። በተቃራኒው ኢጂኤፍአር የተበላሸበት ካንሰር አንዳንዴ ሳንባውን እንደ ጤፍ በደቀቁ ነጠብጣቦች ይሞላዋልና ቲቢ ተብሎ መድኃኒት ይጀመርለታል። ስሕተቱ ጊዜ በማባከን ብቻ አያበቃም። ዋናው የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ጉበት ኦሲመርቲኒብን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል፣ ካንሰሩም ዕድል ያገኛል። አዲስ ጥላ ሲታይ «ለማንኛውም የቲቢ መድኃኒት ይሞከር» ከመባሉ በፊት አክታ ይመርመር፣ ካስፈለገም ናሙና ይወሰድ፤ የካንሰር ሐኪሙም ይጠየቅ። ቲቢ መኖሩ ከተረጋገጠ ደግሞ የሁለቱ መድኃኒቶች አወሳሰድ በሐኪም እጅ ይስተካከላል።

አዲስ አበባ ውስጥ ታካሚዎች ፊልማቸውን በክንዳቸው ሥር ይዘው ከማእከል ማእከል ይዞራሉ፤ ወደ ሕንድና ታይላንድ የሚሄዱም አሉ። እባካችሁ የሪፖርቱን ወረቀት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ምስሉ ራሱ ያለበትን ሲዲ ወይም ፍላሽ ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የተነሣውን አትጣሉ። ከተቻለ ክትትሉን በአንድ ማእከል አድርጉ። በውጭ አገር ያላችሁ፣ ለእናታችሁ ራሳችሁ አታስተርጉሙ፤ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ባለሙያ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ ጠይቁ። ሪፖርቱ ማክሰኞ ማታ ስልካችሁ ላይ ቢገባ፣ ዐርብ እስኪደርስ ኪኒኑን አታስቁሙ፤ ትንፋሽ ካጠረ ግን ዐርብን አትጠብቁ፣ በዚያው ሌሊት ደውሉ።